ብስል ቀይ፥ ቀይ ዳማና ጠይም፤ የፊት ቀለም ታሪክ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ጎዳና ወሎ ሰፈር ሲደርሱ፥ በጥርና በሚያዝያ ወር ቅዳሜ ጧት በየውበት ሳሎኑ ደጃፍ ሙሽሮችና ሚዜዎች ከመኪና ሲወርዱ ይታያሉ። ባለፈው ጥር የእኅቴን ልጅ ወደ አንዱ ሳሎን አድርሼ ከአያትዋ ጋራ ደጅ ስንጠብቅ፥ ከሁለት ሰዓት በኋላ የወጣችው ሙሽራ የእኛ ልጅ መሆንዋን ለማወቅ ጥቂት ተቸገርሁ። ልጂቱ ጠይም ናት፤ ፊትዋ ግን ዐመድ የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል፤ አንገትዋና ጆሮዋ የቀድሞ መልካቸውን እንደ ያዙ ቀርተዋል። አያትዋም ትክ ብለው ካዩዋት በኋላ፥ «ልጄን ማን ዱቄት ውስጥ ጣላት?» አሉ። ጥያቄው ሳቅ አስነሣ እንጂ መልስ አላገኘም። ይሁን እንጂ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ረዘም ያለ ታሪክ አለው።

የደጋው አገር ሴት ከጥንት ጀምሮ መኳኳልን ታውቃለች። ዓይንዋን በኩል፥ እጅና እግርዋን በእንሶስላ፥ ድድዋንና አንገትዋን በንቅሳት፥ ጠጕርዋን በቅቤ ታስጌጥ ነበር። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከተው፥ ይህ ሁሉ ጌጥ የፊትን ቆዳ አይሸፍንም። ቆዳው ራሱ የሚጠበቀው በሌላ መንገድ ነበረ። ይልቁንም በወሎ ሴቲቱ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ተከናንባ የወይባ እንጨት በሚጤስበት ጕድጓድ ላይ ትቀመጣለች፤ ጢሱም ላብዋን አውጥቶ ቆዳዋን ያለሰልሰዋል፤ መልክዋንም ወደ ወርቅማ ብጫ ይስበዋል። ስሙን ከወሎ ያገኘው ይህ ሰፈር ዛሬ የዱቄትና የቅባት ገበያ ሲሆን ስናይ፥ የወይባው ጢስ ትዝ ቢለን አያስደንቅም።

ፊትን በሙሉ በአንድ ቀለም ሸፍኖ ሌላውን ጌጥ በዚያ ላይ መሥራት ግን ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው። ፋውንዴሽን የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ትርጓሜው መሠረት ማለት ነውና። በአውሮፓ በ16ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥና የዘመንዋ ወይዛዝርት ፊታቸውን የሚቀቡት ከእርሳስ በተሠራ ነጭ ቀለም ነበረ፤ መርዝ ስለ ነበረም ቆዳን ያበላሽ ነበር። በ1873 በአውሮፓ አቈጣጠር ሉድቪግ ላይሽነር የተባለ ጀርመናዊ የኦፔራ ዘፋኝ እርሳስ የሌለበትን የቲያትር ቅባት መሥራት ጀመረ። ከፖላንድ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ማክስ ፋክተር ደግሞ ለሲኒማ የሚስማማ ቀለም ሲፈልግ ኖሮ፥ ባለ ቀለም ፊልም በመጣ ጊዜ ቅባቱ በመብራት እያብለጨለጨ ስላስቸገረ፥ በ1937 ገደማ በእርጥብ ስፖንጅ የሚቀባውን ፓንኬክ የተባለ ደረቅ ቀለም አወጣ። ተዋንያቱ ወደ ቤታቸው እየወሰዱት ተወደደ፤ ወዲያው በየመደብሩ ተሸጠ።

በእኛም አገር በሀገር ፍቅር ቲያትር መጀመሪያ ዓመታት የሴቶችን ድርሻ ወንዶች ይጫወቱ ነበርና፥ ፊትን ለውጦ የመታየት ጥበብ ቀድሞ የታየው በመድረክ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ቀለሙ የተቀመመው ለነጭ ፊት ነበረ። ሊና ሆርን ለተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ የተለየ ቀለም ከተሠራላት በኋላ፥ ያው ቀለም በነጭ ተዋናዮች ፊት ላይ ተቀብቶ የክልስ ሴት ድርሻ እንዲጫወቱበት መደረጉ ሲነገር ኖሯል። ለጥቁር ሴቶች የታሰበው ፋሽን ፌር በአሜሪካ የወጣው በ1973 ነው፤ የጎረቤታችን የሶማሊያ ልጅ ኢማን የራስዋን ድርጅት ያቋቋመችው በ1994 ነው። በ2003 የአዲስ አበባ ተወላጅ ሊያ ከበደ የኤስቲ ሎደር መልክ ሆና ስትመረጥ፥ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያይቱ ነበረች። ሪሃና በ2017 በአንድ ጊዜ 40 ዓይነት ቀለም ባወጣች ጊዜ ዓለም ተደነቀ። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ፋብሪካዎቹ «ተፈጥሯዊ» እያሉ አንድ የገረጣ ቀለም ሲሸጡ፥ ያልተማረች የገጠር እናት ቀይ፥ ቀይ ዳማ፥ ብስል ቀይ፥ ጠይም፥ ጥቁር ብላ ለይታ ትጠራ ነበር። «ብስል» የሚለው ቃል ዛሬ ባለሙያዎች ከቆዳው ሥር የሚታይ መልክ የሚሉትን ነገር በአንድ ቃል ይጨርሰዋል።

የእኛን ሙሽራ ፊት ዐመድ ያስመሰለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ዱቄት ነው። ቀለሙን ጠይም የሚያደርጉት ቀይ፥ ብጫና ጥቁር የብረት ዝገቶች ሲያንሱና ነጩ ሲበዛ፥ በጠይም ቆዳ ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ የፎቶግራፍ ብልጭታ ሲያርፍበትም ይብሳል። ስለዚህ ቀለሙን በእጅ ጀርባ ሳይሆን በመንጋጋ ጠርዝ ላይ ቀብቶ፥ ከሳሎኑ መብራት ወጥቶ በፀሐይ ብርሃን ማየት ያሻል፤ አንዳንዱ ከቆዳ ወዝ ጋራ ሲገናኝ ስለሚጠቍር ጥቂት ደቂቃ መታገሥም ይገባል። ወዛም ፊት ቅባት የሌለበትን ይወድዳል፤ ደረቅ ፊት አስቀድሞ ማለስለሻ ተቀብቶ ርጥበት ያለውን ይሻል፤ ግንባሩና አፍንጫው ብቻ የሚወዛ ሰው ዱቄቱን በዚያ ላይ ብቻ ያድርግ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች በበጋ ወራት አየሩ ቆዳ ያደርቃል፤ ፀሐይዋም ታቃጥላለች።

ከዚህ የከፋው ቀለሙን ለቆዳው ከመምረጥ ይልቅ ቆዳውን ለቀለሙ ማቅላት ነው። በአንዳንድ ማቅሊያ ቅባት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ቆዳን አልፎ ኵላሊት ይጐዳል። በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ የከለከለውም ስለዚሁ ነው፤ ቅባቱ ግን ዛሬም በየገበያው አይጠፋም።

ወደ ሙሽራይቱ ልመለስ። አያትየው እጅዋን ይዘው ወደ ሳሎኑ መለሷት፤ ፊትዋም ታጠበ። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ከሁለት ብልቃጥ ጨልፋ በእጅዋ መዳፍ ላይ አዋሐደች፤ ልጂቱን ወደ ደጃፍ አውጥታ በመንጋጋዋ ላይ ሞከረችው፤ ቀለሙም ጠፋ። «የት ሄደ?» አሉ አያትየው። ልጂቱም፥ «ገብቶልኝ ነው እማማ» አለች፤ የፎቶ አንሺው መኪና ጥሩንባ ሲነፋም ገና አንደኛው ጕንጭዋ ብቻ ነበር የተቀባው።