ኳሱን ማን ይመልሰዋል?

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም ስሙ። የዛሬው ወሬ ኳስ ስለሚወረውርና ኳስ ስለሚመልስ መኪና ነው። መኪና ስል የሚነዳውን አይደለም፤ ለጨዋታ የተሠራውን ማለቴ ነው። ወሬው ፈረንጅ አገር ድረስ ይሄዳል፤ የሚነሣው ግን ከጫኖ ነው።

ጫኖን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ ከተማው ሳይደርስ የምታገኙት ቆላ ነው። በስተግራ አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ተኝቷል፣ በስተቀኝ የጋሞ ተራራ ቆሟል፣ መሃል ላይ ሙዝና ማንጎ። ጫኖ ሚሌ አለ፣ ጫኖ ዶርጋ አለ፣ ጫኖ ጫልባ አለ። ሐሬ ወንዝ ከደጋው ወርዶ በቦይ በቦይ ይከፋፈልና እርሻውን ያጠጣል። ማንጎ በደረሰ ጊዜ ሻጮቹ መንገድ ዳር ደርድረው ስለሚጠብቁ፣ አላፊው ሹፌር ባይወድም ይቆማል።

ታዲያ በዚህ አገር ኳስ መጫወት አንድ ችግር አለው። ሜዳው ባለቀበት የሙዝ እርሻ ይጀምራል። አንዱ ጎረምሳ ከጎሉ በላይ ለግቶ ሲሰዳት ኳሷ ቅጠል ለቅጠል እየተንኳኳች ትገባና ትጠፋለች። ያን ጊዜ ጨዋታው ይቆምና ክርክሩ ይጀመራል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ «የለጋ ያምጣ!» የለጋው ደግሞ «በረኛው ነክቷታል» ይላል። በረኛው «አልነካሁም፣ እግዜር ያውቃል» ይላል። በመጨረሻ የሚሄደው ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከሁሉ የሚያንሰው፣ ነገ ቡድን ውስጥ እናስገባሃለን የተባለው ልጅ። ቦይ ዘሎ፣ ጭቃ ረግጦ፣ እሾህ ወግቶት ይዞ ይመጣል። ያን ልጅ እንግዲህ የመጀመሪያው ኳስ መላሽ መኪና በሉት። ነዳጅ አይፈልግም፤ ተስፋ ብቻ ነው የሚሞላለት።

በዚህ ልጅ አትቀልዱ። አዲስ አበባ ቴኒስ ሜዳዎች ላይ ኳስ አቀባይ ሆነው ጀምረው፣ ባለቤቶቹ ሲያርፉ የተውትን ራኬት አንሥተው፣ ኋላ አሰልጣኝ የሆኑ ሰዎች አሉ።

ፈረንጆቹስ? እነሱም በዚሁ ነገር ተቸግረው ነበር፤ የእነሱ ችግር ግን ከሚያመጣው ይልቅ የሚወረውረው ነበር። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው። አንዱ በክንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው በደንብ ይለማመድ ከተባለ ወርዋሪው ቀኑን ሙሉ ሲወረውር መዋል አለበት፤ ክንድ ደግሞ ክንድ ነው፣ ያብጣል። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቻርልስ ሂንተን የሚባል የሒሳብ መምህር ነበር። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አልበቃ ብለውት አራተኛም አለ እያለ የሚጽፍ ሰው ነው። ይህ ሰው ለታመመው ክንድ ምን መፍትሔ አመጣ መሰላችሁ? መድፍ!

አዎ፣ መድፍ። በፈረንጆች 1897፣ የአድዋ መድፍ ዝም ባለ በዓመቱ መሆኑ ነው፣ ሂንተን በባሩድ የሚተኮስ ኳስ ወርዋሪ ይዞ ሜዳ ወጣ። ኳሱ በአየር ላይ እንዲጠማዘዝ ብሎ አፈሙዙ ላይ በጎማ የተሸፈኑ ጣቶች ሠርቶለታል። ነገሩ ይሠራል። ፈጥኖም ቀስ ብሎም፣ ቀጥ አድርጎም አጣምሞም ይልካል። ተጫዋቾቹ ግን ፈሩት። ማን ይፈርድባቸዋል? ዱላ ይዞ መድፍ ፊት መቆም ስፖርት አይመስልም። መድፉ ብዙም ሳይገፋ ቀረ። እኔ ግን ሂንተንን እወደዋለሁ። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ የረሳው አንድ ነገር ቢኖር ከኳሱ ፊት ሰው መቆሙን ነው።

አሁን ወደ አዞው ልምጣ። አርባ ምንጭ አዞ ሲባል የማይስቅ የለም፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ «የአዞ ገበያ» የሚባል ስፍራ አለ፣ የከተማውን የእግር ኳስ ክለብም ደጋፊው «አዞዎቹ» ይለዋል። እኔ የምላችሁ አዞ ግን ፈረንሳዊ ነው፤ ስሙ ሬኔ ላኮስት። ደረቱ ላይ ትንሽ አዞ የተሰፋበትን ቲሸርት ገበያ ላይ አይታችኋል፤ የገዛችሁት ኦሪጅናል ይሁን አይሁን ለእግዚአብሔር እንተወው። ሰውየው ቴኒስ ተጫዋች ነበር፤ ዊምብልደንን በ1925 እና በ1928 አሸንፏል። አዞ ያሉት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ከአዞ ቆዳ በተሠራ ሻንጣ ተወራርዶ ነበርና።

ላኮስት ሲጫወት ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ነበረው። ኳሱን መመለስ፣ መመለስ፣ እንደገና መመለስ፤ ባላጋራው እስኪሳሳት ድረስ። እንዲህ ያለ ሰው ልምምድ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። አብሮት የሚለማመደው ሁሉ እየደከመ ይቀመጣል፣ እሱ አይበቃውም። ስለዚህ በ1920ዎቹ ኳስ የሚወረውር መኪና ራሱ ሠራ። ኳሶቹ ተራ በተራ ይወርዳሉ፣ መኪናው ይተፋቸዋል፣ እሱ ከወዲያ ማዶ ይመታል። እዚህ ላይ ግን የሚያስቀኝ ነገር አለ፤ መኪናው የሚሠራው እጀታውን ሰው ሲያዞረው ነው! ኳስ ወርዋሪውን ለማሳረፍ ብሎ እጀታ ዘዋሪ ቀጠረ ማለት ነው። የዘዋሪውን ክንድ ማን ጠየቀው?

በኋላ ኤሌክትሪክ መጣና ዘዋሪውን አሳረፈው። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራበት መኪና ሁለት የሚሽከረከሩ ጎማዎች አሉት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ወይም ጎን ለጎን። ኳሱ በመሃላቸው ይገባል፣ ያዝ አድርገው ያስፈነጥሩታል። ሁለቱ እኩል ከፈጠኑ ኳሱ ሳይሽከረከር ይሄዳል። የላይኛው ከፈጠነ ኳሱ ወደ ፊት እየተሽከረከረ ሄዶ ቶሎ መሬት ይወርዳል። የታችኛው ከፈጠነ ደግሞ ወደ ኋላ እየዞረ በአየር ላይ ይቆያል። ሂንተን በባሩድና በጎማ ጣት የደከመበት ምሥጢር ይኸው ነው፤ የሁለት ጎማ የፍጥነት ልዩነት።

የእግር ኳሱን ደግሞ ጀርመኖች አበዙት። የቦሩሲያ ዶርትሙንድ ክለብ ፉትቦናውት የሚሉት ክፍል አስገባ። ወርዱም ቁመቱም 14 ሜትር የሆነ ሳጥን በሉት። ተጫዋቹ መሃል ላይ ብቻውን ይቆማል። ዙሪያውን ካሉት 8 ቀዳዳዎች ከአንዱ ድምፅ ይሰማል፣ ኳስ ይወጣል፤ እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊፈጥን ይችላል። ኳሱን ተቆጣጥሮ ቀና ሲል ከ64ቱ መስኮቶች አንዱ መብራት በርቷል፤ እዚያ ውስጥ ማስገባት አለበት። ወዲያው ከኋላው ሌላ ድምፅ። ኮምፒዩተሩ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ፣ ስንቱን እንደሳተ ይጽፋል። ማሪዮ ጎትዘ በዚህ ክለብ ያደገ ልጅ ነው። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ 113ኛው ደቂቃ ላይ፣ የመጣለትን ኳስ በደረቱ አውርዶ መሬት ሳይነካ አርጀንቲና መረብ ውስጥ ሲከተው፣ ያን ሳጥን ያስታወሱ ብዙዎች ነበሩ። መኪናው አግብቶለታል አልልም። በደረት ማውረድን ጎትዘ ከማሽን በፊትም ያውቀው ነበር።

አያችሁልኝ? መድፉም፣ የአዞውም እጀታ፣ የጀርመኑም ሳጥን የተሠሩት ለአንድ ምክንያት ነው፤ ጓደኛ ይደክማል። ጓደኛ እራት ይጠራዋል፣ ክንዱ ያመዋል፣ ይሰለቸዋል። መኪናው ጓደኛን ይተካል። ጫኖ ግን የተትረፈረፈው ጓደኛ ነው፤ የጠፋው ኳሱ ነው። አርባ ምንጭ ላይ አንድ ባለ ጎማ መኪና ቢመጣ አልጠላም፤ በረኞች ይጠቀሙበታል። በዚያ ገንዘብ ግን ስንት ደህና ኳስ ይገዛ ነበር ብዬ ማሰቤ አይቀርም።

ቆይ፣ ቆይ፤ «ታዲያ እኛ አገር መኪናው የለም ወይ?» የሚል ሰው ከኋላ ሰማሁ። አለ እንጂ! የትም ከተማ፣ የትም የመንገድ ዳር መንደር አለ። ጆተኒ ነዋ!

ጆተኒን እንደ መኪና አስበነው አናውቅም፤ ግን ኳስ የሚያወጣ፣ ኳስ የሚውጥ፣ ኳስ የሚመልስ መኪና ነው፤ ያውም ያለ መብራት። እንግሊዝ ውስጥ ሃሮልድ ቶርንተን የሚባል ሰው በ1923 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። እኔ የምወደው ግን የስፔኑን ታሪክ ነው። ጊዜው 1936 ነው፣ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት። ሙሶሊኒ እኛ ላይ አውሮፕላን እንደላከ ሁሉ፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ለሚዋጋው ለጄኔራል ፍራንኮም ብሎ ወደዚያ ላከ፤ ማድሪድ በቦምብ ተደበደበች። አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬ የሚባል ወጣት፣ ገጣሚ ነው፣ እዚያ ቆስሎ ሆስፒታል ገባ። በዙሪያው እንደሱ የቆሰሉ ልጆች ተኝተዋል፤ እግር ኳስ ይወዳሉ፣ የሚለጉበት እግር ግን የላቸውም። እሱ ራሱ ኋላ እንደተናገረው፣ ያን አይቶ ነው ለአንድ አናጺ ነግሮ የጠረጴዛ እግር ኳስ ያሠራው። በ1937 ባርሴሎና ላይ አስመዘገበው። ኋላ በስደት ፒሬኒስ ተራራን ሲሻገር ወረቀቱን ዝናብ አበላሸበት ይባላል።

አሁን ጫኖ ማንጎ ጥላ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ እንጠጋ። ለአንድ ወገን አራት ዘንግ፣ አሥራ አንድ የእንጨት ሰው፤ አንዱ ቡድን ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ነበር፣ አሁን ሁለቱም ወደ ቡናማ እየሄዱ ነው። የግራው በረኛ አንገት የለውም፤ ግን ይከላከላል። ሳንቲም መዋጫው የተሠራው ለስሙኒ ነበር፤ ስሙኒ ዋጋ ካጣ ወዲህ ጠባቂው ልጅ ገንዘቡን በእጁ ተቀብሎ መሳቢያውን በራሱ ይስባል። ሲስበው ውስጥ ያለችው ጣውላ ታዘነብላለች፣ ኳሶቹ «ኳኳኳ» እያሉ ተንከባለው ይወጣሉ። ጎል የገባ ኳስ ግን ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ ካልተከፈለ አይመለስም። ቁልፉ ልጁ አንገት ላይ ነው።

ለዚህም መላ አለ፤ ልጁ ዞር ሲል የጎሉን ቀዳዳ በጨርቅ መወተፍ! ኳሱ ይገባል፣ አይወርድም፣ በጣት ወጥቶ እንደገና ይጣላል። አንድ ሒሳብ ከፍሎ እስከ ማታ መጫወት ነው። ግን ጠባቂው ይህን የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም፣ በጆሮው ነው። ጎል ተብሎ ተጩሆ የኳሱ መውረድ ካልተሰማ፣ ማንጎውን ጥሎ ይመጣል። የተወተፈው ካልሲ እንደሆነ ይወርሰዋል።

ሌላው ሕግ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ዘንጉን እንደ ወፍጮ ማሽከርከር ክልክል፣ ተሸናፊ ይከፍላል። በዚህ የሚነሣው ክርክር ብዛቱ! ጋሞ ነገሩን ዱቡሻ በሚለው የሸንጎ አደባባይ ተቀምጦ የሚፈታ ሕዝብ ነውና፣ እዚህም ዳር የቆመ ሁሉ ዳኛ ነው። «ዞሯል!» «አልዞረም፣ ተመልሶ ነው!» እየተባለ ጨዋታው ከሚፈጀው ክርክሩ ይበልጣል። አንዱ በዝምታ ዘንጉን ዘይት ይቀባል። ጀርመን ውስጥ ያንን የሚዳኘው ኮምፒዩተር ነው፤ ያሳዝናሉ።

ጠባቂው ልጅ የማይለቀው አንድ ጥንቃቄ አለ። ለመንደሩ ልጅ ዱቤ ይሰጣል፤ ሹፌርና ረዳትን ግን ቅድሚያ ያስከፍላል፤ መኪናቸውን አስነሥተው ይሄዱበታላ። ሙዝ የሚጭን አይሱዙ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጠረጴዛው ላይ ይሰየማል። ሙዙ ይጫናል፣ ሸራው ይታሰራል፣ ሹፌሩ ጡሩንባ ይነፋል። ረዳቱ «መጣሁ!» ይላል፣ አይመጣም። እንደገና ጡሩንባ። «አንድ ኳስ ቀረች፣ ጋሼ!» ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሩን ደርግሞ፣ እየተሳደበ ይመጣል። ኮሌታውን ሊይዝ እጁን ከዘረጋ በኋላ ጠረጴዛውን ያያል።

«ስንት ለስንት ናችሁ?»

«ሦስት ለሦስት።»

«ወግድ፣ በረኛውን ለኔ ልቀቅ።»

ጠባቂው ልጅ መሃላቸው ገብቶ መዳፉን ዘረጋ። «ጋሼ፣ በደብል ከሆነ የሚቀጥለውን ከአሁኑ ነው የምቀበለው።»