የአንጥረኛው ልጅ ዋሽንት፦ የእጅ ሙያና የቀለም ትምህርት በአንድ ሥራ ቤት

1. መግቢያ

በአገራችን ገጠር ያደገ መምህር ዋሽንት ሲሠራ ሳያይ አልቀረም። እረኛው ከሽመል ወይም ከቀርከሃ አንድ ቁራጭ ይመርጣል፤ ውስጡን ያጸዳል፤ ጣቶቹን በቱቦው ላይ አሳርፎ ቦታቸውን ምልክት ያደርግና አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳዎች በጋለ ብረት ይበሳል። ከዚያም ይነፋል። ጆሮው ካልወደደው ቀዳዳውን ጥቂት ያሰፋል፤ ካልሆነም ሌላ ቁራጭ ያነሣል። በዚህ አሠራር መለኪያው ጣት፣ ዳኛው ጆሮ ነው። የሠለጠነ ዋሽንተኛም አንድ ዋሽንት ብቻ ይዞ አይዞርም፤ እንደየቅኝቱና እንደየዘፋኙ የድምፅ ከፍታ የሚያነሣቸው ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይኖሩታል።

ከዋሽንት ጋር የሚዛመደው የአውሮፓ መሣሪያ ፍሉት ይባላል። ዋሽንት ከጫፉ ሲነፋ ፍሉት የሚነፋው ከጎኑ ነው። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የዚህም መሣሪያ አሠራር በመሠረቱ ከእረኛው አሠራር እጅግ የራቀ አልነበረም፤ ዋና ዋናዎቹ ቀዳዳዎች የሚበሱት ጣት በሚደርስበት ስፍራ ነበርና። ይህን ልማድ የለወጠው አንድ የወርቅ አንጥረኛ ልጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሰው የሥራ ታሪክ ባጭሩ ማቅረብና፣ የእጅ ሙያንና የቀለም ትምህርትን ለያይተን ለምናስተምርና ለምናቅድ ለእኛ የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

2. ከአንጥረኛ ቤት እስከ ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ

ቴዎባልድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1794 በባቫርያ ዋና ከተማ በሙኒክ ተወለደ። አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ስለ ነበር ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው ማቅለጥን፣ መሞረድንና መበየድን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1810፣ በ16 ዓመቱ፣ ግሬንሰር የተባለ ዕውቅ የድሬስደን ሠሪ የሠራውን ባለ አራት ቁልፍ ፍሉት አብነት አድርጎ የመጀመሪያ መሣሪያውን በገዛ እጁ ሠራ። በቤተ መንግሥቱ ኦርኬስትራ ውስጥ ፍሉት ይጫወት የነበረው ካፔለር ተሰጥኦውን አይቶ አስተማረው። ወጣቱ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1812 በአንድ የሙኒክ ቴአትር ቤት ተቀጠረ፤ በ1818 ደግሞ ከንጉሡ ኦርኬስትራ ገባ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቦም ሙዚቀኛ ከሆነ በኋላ ሞረዱን አለመጣሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 በሙኒክ የራሱን የፍሉት ሥራ ቤት ከፈተ። በመሆኑም የመሣሪያውን ጉድለት በከንፈሩና በጣቱ የሚያውቀው ሰውና ጉድለቱን በእጁ ሊያርም የሚችለው ሰው አንድ ሆኑ።

3. ችግሩ ምን ነበር?

የዘመኑ ፍሉት ከዕንጨት የሚሠራ ሲሆን የውስጥ ክፍተቱ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ስድስት ዋና ዋና የጣት ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ሊራራቁ የሚችሉት ጣቶች የሚዘረጉትን ያህል ብቻ ነው፤ ሊሰፉ የሚችሉትም የጣት ጫፍ የሚደፍነውን ያህል ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ቃና ብሩህ፣ አንዳንዱ የታፈነ፣ ሌላውም ከልኩ ጥቂት የወጣ ይሆን ነበር። ሠሪዎች ችግሩን ለማቃለል ቁልፍ በቁልፍ ላይ ቢጨምሩም ሥረ መሠረቱን አልነኩትም።

ቦም እ.ኤ.አ. በ1831 ወደ ለንደን ሄዶ ቻርልስ ኒኮልሰን የተባለውን የፍሉት ተጫዋች ሰማ። የእንግሊዛዊው መሣሪያ ከተለመደው የሰፉ ቀዳዳዎች ስለ ነበሩት ድምፁ እጅግ ኃይለኛ ነበር። ቦም በዚህ ኃይል ሊወዳደረው እንዳልቻለ ተገነዘበ፤ ኒኮልሰንን ባይሰማ ኖሮ አዲሱን ፍሉት እንደማይሠራም በእርጅናው ዘመን በጻፈው ደብዳቤ ሳይሸሽግ አምኗል።

4. ቀዳዳው በሚገባው ስፍራ

ቦም ጥያቄውን ገለበጠው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሠሪዎች “ጣት የት ይደርሳል?” ብለው ሲጀምሩ እርሱ “ቃናው የት መውጣት ይገባዋል?” ብሎ ጀመረ። ቀዳዳዎቹ በሚገባቸው ስፍራ ከተበሱ በኋላ ጣትን ወደዚያ የሚያደርስ ብልሃት መፈለግ የሠሪው ድርሻ ይሆናል። ቀኝ አውራ ጣት መሣሪያውን ስለሚሸከም ለመክፈትና ለመዝጋት የሚተርፉት ዘጠኝ ጣቶች ብቻ ናቸው፤ ቀዳዳዎቹ ግን ከዚህ ይበልጣሉ። ቦም በ1832 ባወጣው ሞዴል በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቀለበቶችን አደረገ፤ ቀለበቶቹንም በቀጭን ዘንግ ከሌሎች ቁልፎች ጋር አያያዛቸው። ስለዚህ አንድ ጣት ቅርቡን ቀዳዳ ሲደፍን በዚያው እንቅስቃሴ ራቅ ያለውንም ይዘጋል። ጣቱ ሲነሣ ሞላው ቁልፉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይህ የአንጥረኛ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ዘንጉ ጥቂት ቢወላገድ ወይም ማሸጊያው ጥቂት ቢያሳልፍ ድምፁ ወዲያው ይበላሻልና።

ይሁን እንጂ ቦም በዚህ አልረካም። ለዓመታት በብረት ኢንዱስትሪ ሥራ ተጠምዶ ከቆየ በኋላ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ሲያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1846 እና በ1847 በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ከፕሮፌሰር ሻፍሆይትል ዘንድ የድምፅ ሳይንስን ተማረ።

ከተጠቀመበት ስሌት ዋናውን ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊረዳው ይችላል። አንድ ኦክታቭ በአሥራ ሁለት እኩል ደረጃዎች ሲከፈል አንዱ ደረጃ ከቀጣዩ ጋር ያለው ንጽጽር 1 ለ1.0595 ያህል ይሆናል። የአየሩ ዓምድ 600 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቃናውን በአንድ ደረጃ ከፍ ለማድረግ ወደ 566፣ በሁለት ደረጃ ከፍ ለማድረግ ወደ 535 ማሳጠር ያሻል። የመጀመሪያው ልዩነት 34፣ ሁለተኛው 31 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን እንመለከታለን፤ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ይቀራረባሉ እንጂ እኩል አይራራቁም። የሰው ጣት ግን በዚህ ሕግ አልተሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1847 የወጣው ሁለተኛው ፍሉት የዚህ ጥናት ውጤት ነው። የአካሉ ውስጥ ክፍተት ከላይ እስከ ታች 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ሆነ፤ የሚጠበው የራሱ ክፍል ብቻ ነው። ቀዳዳዎቹ ከጣት ጫፍ ይበልጥ ስለ ሰፉ ለስላሳ ማሸጊያ ባላቸው ክዳኖች ይዘጋሉ። ቦም ቱቦውን ከብርም ሠርቶታል። ሆኖም ስሌቱ ብቻውን አልበቃም፤ ቀዳዳና ክዳን የአየሩን ጠባይ ስለሚለውጡ የመጨረሻው ልክ የተገኘው በሙከራና በጆሮ ነው። ሳይንሱ መንገዱን አሳየ፤ እጅና ጆሮ ከፍጻሜ አደረሱት።

5. አዲሱ ሥራ የገጠመው ዕድል

ቦም የመሥራት መብቱን ወዲያውኑ በፓሪስና በለንደን ለሚገኙ ሠሪዎች ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ተሸለመበት። በፓሪስ ክሎዜ የተባለው መምህርና ቡፌ የተባለው ሠሪ የቀለበቱን ብልሃት ወደ ክላርኔት አዛውረው በ1844 የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ተቃውሞም አልታጣም። በፓሪስ ኮንሰርቫቶር አዲሱ ፍሉት በይፋ የተተከለው በ1860 ዶሩስ ፕሮፌሰር ሲሆን ነው፤ በተወለደበት አገር በጀርመን ደግሞ ብዙዎች ለረጅም ጊዜ የቀድሞውን አልለቀቁም። ተቃዋሚዎቹ ፈጽመው ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ በቀድሞው ፍሉት እያንዳንዱ ቃና የራሱ ቀለም ነበረው፤ በአዲሱ ግን ቃናዎቹ ተስተካክለው ተመሳሰሉ። ቦም ልምዱን በ1871 በመጽሐፍ ለትውልድ አስተላልፎ በ1881 በ87 ዓመቱ አረፈ።

በነሐስ መሣሪያዎችም ረገድ ተመሳሳይ ለውጥ ተደርጓል። ቀዳዳ የሌለው ቱቦ የሚሰጠው ጥቂት የተፈጥሮ ቃናዎችን ብቻ ነው። በእኛ አገር የእምቢልታ ነፊዎች ይህን ችግር የፈቱት በኅብረት ነው፤ በሦስት ልዩ ልዩ መጠን የተሠሩትን እምቢልታዎች የያዙት ሰዎች እያንዳንዳቸው ያላቸውን ጥቂት ቃና በየተራ እያዋጡ አንድ ዜማ ያወጣሉ። በጀርመን ግን ሽቶልሰልና ብሉሜል የተባሉ ሁለት የነሐስ ነፊዎች እ.ኤ.አ. በ1818 በርሊን ውስጥ መብቱን ያስመዘገቡት ቫልቭ አየሩን ወደ ተጨማሪ ቱቦ እየመራ ለአንድ ሰው ብዙ ቃና አስገኘ። እነዚህም ከሥራው ጋር የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

6. ለእኛ ምን ይነግረናል?

በአገራችን አንጥረኛ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ለብዙ ዘመን በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ባይሰማም በትምህርት ክፍለ ጊዜ ድልድላችን ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል፤ የእጅ ሥራ የቀለም ትምህርት ላልሆነለት ልጅ መጽናኛ ተደርጎ ይታያልና። የነሐስ ሙዚቃችንም ታሪክ ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ1924 “አርባ ልጆች” የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች ከኢየሩሳሌም መጥተው በአዲስ አበባ ሲነፉ ሕዝቡ ተደነቀ። ተማሪዎቻችንም ዛሬ ትራምፔትና ክላርኔት ሲያዩ ይደነቃሉ፤ “እንዴት ተሠራ?” ብሎ እንዲጠይቅ የተለማመደው ግን ስንቱ ነው?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሚሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በአንድ ወቅት ሠልጣኞች ከቀርከሃ ዋሽንት እንዲሠሩ ተጠይቀው ነበር። በፊዚክስ ከፍተኛ ውጤት የነበረው ሠልጣኝ የቀዳዳዎቹን ስፍራ አሳምሮ ቢያሰላም ሲበሳ ቀርከሃው ተሰነጠቀበት። በእረኝነት ያደገው ጓደኛው ደግሞ በግማሽ ሰዓት ጥሩ ዋሽንት ሠራ፤ ቀዳዳው ወደ ላይ ሲወጣ ቃናው ለምን እንደሚቀጥን ሲጠየቅ ግን “አባቴም የሚሠራው እንዲሁ ነው” ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ሁለቱ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል ሲማሩ አንዱ ሌላውን የሚጠይቅበት አጋጣሚ አላገኙም። ጉድለቱ የእነርሱ አልነበረም፤ መርሐ ትምህርቱን ካዘጋጁት አንዱ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነውና።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪዎች በአንድ ጫፋቸው የተደፈኑ አምስት ተመሳሳይ ስፋት ያላቸው የቀርከሃ ቱቦዎችን 20፣ 17.8፣ 15.9፣ 13.3 እና 11.9 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ፤ በአፋቸው ላይ ሲነፉ ከትዝታ ቅኝት ጋር የተቀራረቡ አምስት ቃናዎች ይሰማሉ። የቱቦው ስፋት ስሌቱን ጥቂት ስለሚያዛባና ቅኝቶቻችንም በእኩል አሥራ ሁለት ደረጃዎች ሙሉ በሙሉ ስለማይወሰኑ፣ ቅኝቱን በጆሮው የሚያውቅ ተማሪ ቱቦዎቹን እየሞረደ ያቃናቸው። የሒሳብ፣ የሳይንስ፣ የሙዚቃና የእጅ ሥራ መምህራን ይህን አንድ ትምህርት በጋራ ቢያዘጋጁት አስልቶ የሚሰነጥቀውና ሠርቶ የማያስረዳው ሁለቱም አንዳቸው ከሌላው ይማራሉ።

ቦም ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደው ሞረዱን አፍሮበት ሳይሆን ሞረዱ ያስነሣበትን ጥያቄ ይዞ ነው። የእኛም ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይዘው የሚመጡት መጀመሪያ ሞረዱን በእጃቸው ስናስይዛቸው ነው።