«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ባለፈው ሳምንት ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ የጥንት ንግድ እያስተማርኩ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሩዝ ግን የእኛ ምግብ ነው እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄ አለፍኩት። ማታ ቤት ገብቼ ድስት ስጥድ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ምክንያቱም በሥራ ቀን እኛ ቤት ቶሎ የሚደርሰው እራት ዶሮ በሩዝ ነው። ያስተማረችኝም እህቴ ናት።

ዶሮ ወጥማ የበዓል ነው። 12 ብልት ማውጣቱ፣ ሽንኩርቱን ቁጭ ብሎ ማቁላላቱ፣ ከሥራ መልስ ማን ይችለዋል? ይሄኛው አንድ ድስት ብቻ ነው። ዶሮውን በትንሽ ዘይት ጠበስ አድርጋችሁ ታወጣላችሁ። በዚያው ዘይት ላይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ። ከዚያ ዶሮውን መልሳችሁ በውኃ ማብሰል ነው። የፈረንጅ ዶሮ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ የአበሻ ዶሮ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ታጥቦ የተዘፈዘፈውን ሩዝ ስትጨምሩ ለ2 ኩባያ ሩዝ 3 ኩባያ ያህል መረቅ ይኑረው። አንዴ ከፈላ እሳቱን ዝቅ፣ ክዳኑን ግጥም አድርጉ፤ ለ15 ደቂቃ አይከፈትም። «ክዳን የሚነካካ ሰው ሩዝ አይሆንለትም» ትላለች እህቴ።

ሳዑዲዎች ይሄን ከብሳ ይሉታል። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ያደጋችሁ ደግሞ የቅርብ ዘመዱን ታውቁታላችሁ፤ ኢስኩካሪስ። በሶማሊኛ «አብሮ የተቀቀለ» እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በመጀመሪያ ዶሮውን እንጠይቀው። ዶሮ ወጥ የእኛ ለመሆኑ ማንም አይጠራጠርም አይደል? ዶሮ ራሱ ግን የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ የዱር ዘመዶቹ ዛሬም እዚያ ጫካ ውስጥ አሉ። እኛ ዘንድ የመጣው ግን በጣም ድሮ ነው። ምሥራቅ ትግራይ ውስጥ መዝበር በሚባል ቦታ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በአፍሪካ ከተገኙት ቀደምት የዶሮ አጥንቶች አንዱ ነው። ከአክሱም መንግሥት መነሳት በፊት ማለት ነው!

ቃሪያውና ቲማቲሙስ? ሁለቱም የአሜሪካ ልጆች ናቸው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከማቋረጡ በፊት እዚህ አገር አንድም ቀይ ወጥ በርበሬ አልነካውም። ከዘረዘርኳቸው ቅመሞች ውስጥ እውነተኛው የአገር ልጅ ኮረሪማ ነው።

ሩዝ ደግሞ መነሻው ቻይና፣ የያንግዜ ወንዝ ሸለቆ ነው (ምዕራብ አፍሪካም ማሊ አካባቢ የራሷን ሌላ ዝርያ አልምታለች)። በእኛ ጎረቤትም እንግዳ አይደለም። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ1331 እ.ኤ.አ. ሞቃዲሾ ሲደርስ የቀረበለትን ጽፎልናል፤ በቅቤ የተሠራ ሩዝ በትልቅ የእንጨት ገበታ፣ ከላዩ የዶሮ፣ የሥጋ፣ የዓሣና የአትክልት ወጥ። ሙዝም ነበረበት። ዛሬም ሶማሌ ቤት ሩዝ በሙዝ ሲቀርብላችሁ 700 ዓመት ገደማ የቆየ ገበታ ላይ ተቀምጣችኋል።

ወደ ደጋው ስንመጣ ግን ሩዝ ዘግይቷል። ክረምት ውኃ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳ ላይ እርሻው የተጀመረው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም አግዘዋል። ጤፍ የሚያበላሸው ውኃ ለሩዝ ተመቸው። ዛሬ የፎገራ ገበሬ ሩዙን ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል። እንጀራ ከሆነ በኋላ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ይከብዳል።

ይሄን ሁሉ ያስቆፈረኝ ሌላ ጥያቄ ነው።

እህቴ ሳዑዲ ሰው ቤት ሠርታለች። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎቻችን ከዚያ አገር ሲመለሱ እሷም አንዷ ነበረች። የመጨረሻ ወራት ደመወዟን አልተቀበለችም። የመጣችው አንድ የትከሻ ቦርሳ ይዛ ነው። ጎረቤት እንኳን ደህና መጣሽ ሊል ይገባና ዓይኑ ሻንጣ ይፈልጋል። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚሏት ነበሩ። «ባዶ እጄን ነው የመጣሁት» ትላለች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ለረጅም ጊዜ ሩዝ አልሠራችም። ሽታው ያንን ኩሽና ያስታውሳታል። አንድ ማታ ግን እንጀራ አልቆብን፣ ዝናብ ዘግቶብን፣ እናቴም ጾሟን ልታድር ስትል ተነሳች። ያለውን ዶሮ፣ ያለውን ሩዝ አንድ ላይ ጣደች። እናቴ በልታ ስትጨርስ «ይሄን የት ተማርሽው?» አለቻት። እህቴ ትንሽ ዝም ብላ «እዚያ» አለች። ስለዚያ አገር ያለ ለቅሶ ስታወራ የሰማኋት ያኔ ነው።

ታሪክ ስናስተምር ዶሮውን ማን አመጣው፣ በርበሬውን ማን አመጣው ብለን ነጋዴና መርከብ እንጠራለን። ዘሩን ቋጥራ፣ አሠራሩን በጭንቅላቷ ይዛ የመጣች ሴት ግን ስሟ የትም አልተጻፈም። እኛ ቤት ማን እንዳመጣው አውቃለሁ። ባዶ እጇን አልመጣችም።

ለተማሪዬ ሰኞ የምመልስለት እንዲህ ብዬ ነው፦ ዶሮውም ሩዙም እንግዳ ነበሩ፤ አንዱ ቀድሞ ገባ፣ አንዱ ገና እየገባ ነው።

እናንተ ቤትስ ከስደት የመጣ ምን ምግብ አለ? ማን አመጣው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ በተለይ፣ ይሄ የቤት ሥራ ነው 😊