የበልግ ዳመናና የአዲስ አበባ የዝናብ ጠርሙስ

የጨጓራ ባክቴሪያ ስንፈልግ በሽተኛውን በካርቦን 13 ምልክት የተደረገበት ዩሪያ አጠጥተን፣ ጥቂት ቆይተን ትንፋሹን ከረጢት ውስጥ እናስነፋዋለን። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ካለ ዩሪያውን ይሰብረዋል፤ ምልክቱም በትንፋሽ ይወጣል። ይህን ነገር ለዓመታት የሐኪም ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ ስንለማመን ግን አራት ኪሎ ጂኦሎጂ የተማረ አንድ የባቻችን ልጅ ቡና ላይ፣ «እኛ እኮ የደን ትንፋሽ ነው የምንለካው፤ መሣሪያውም ዘመዱ ነው» አለኝ። ጆሮዬን አቆምኩ።

ለካ የሁለቱ ሙያዎች አያት አንድ ነው። ሀንጋሪያዊው ጆርጅ ደ ሄቬሺ እ.ኤ.አ. በ1923 የባቄላ ተክል ሥር ራዲዮአክቲቭ እርሳስ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ እርሳሱ ወደ ግንድና ቅጠል ሲወጣ ተከታተለ። በ1934 ደግሞ ከባድ ሃይድሮጅን ያለበትን ውሃ ሰው እንዲጠጣ አድርጎ፣ ውሃው በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ለካ። በ1943 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘው በዚሁ ዱካ የመከታተል ዘዴ ነው። እኛ የሰውየውን ወሰድን፤ እነሱ የባቄላውን።

ወደ አገራችን የሚያመጣኝ ግን ሌላ ጠርሙስ ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1961 በየአገሩ የዝናብ ናሙና በየወሩ ማሰባሰብ ጀመሩ። ጊዜው የኑክሌር ቦምብ ሙከራ ዘመን ነው፤ ከሙከራው የወጣው ትሪቲየም ከዝናብ ጋር ይወርድ ነበር። አዲስ አበባ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው የከተማችን መዝገብ በአፍሪካ ከረጅሞቹ ይቆጠራል።

መዝገቡ ግን አንድ እንቆቅልሽ ይዞ መጣ። በውሃ ውስጥ ካሉት 500 የኦክስጅን አተሞች አንዱ ያህል ከባድ ነው፣ ኦክስጅን 18። ዳመና ከባሕር ርቆ፣ ተራራ ወጥቶ ሲዘንብ ከባዱ ቀድሞ ይወርድና የሚቀረው እየቀለለ ይሄዳል። በብዙ የዓለም ክፍል በየ100 ሜትር ከፍታ ከሺህ 0.2 እስከ 0.3 ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ዝናቧ ከውቅያኖስ ውሃ በሺህ 5 ያህል ይቀላል ብለን እንጠብቃለን። የተገኘው በሺህ 1 ያህል ብቻ ነው! ባሕር ዳር ካለችው ዳሬሰላም እንኳ የእኛው ዝናብ ይከብዳል። እኔ ብሆን «የላቦራቶሪ ስህተት ነው፣ ይደገም» እል ነበር። ለአሥርት ዓመታት ሲደጋገም ግን ያው ሆነ።

ማብራሪያው ዕፅዋት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ከሐይቅ ወለል ውሃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይቀራል። ዛፍ ግን እንዲህ አይመርጥም፤ ሥሩ የጠጣውን፣ ከቀን ቀን ሲታይ፣ ከባዱንም ቀላሉንም እንዳለ በቅጠሉ ያወጣዋል። እንደ ኩላሊት አያጣራም ማለት ነው። ስለዚህ ዳመና በሰፊ ደን ላይ ሲያልፍ ያወረደውን ከባድ ውሃ ደኑ መልሶ ይሰጠዋል። ብራዚላዊው ኤኔያስ ሳላቲና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በአማዞን ያሳዩት ይህንኑ ነው። በ2009 ደግሞ ናኦሚ ሌቪንና ባልደረቦቿ የኢትዮጵያንና የኬንያን ውሃዎች አነጻጽረው፣ ወደ እኛ ደጋ የሚደርሰው እርጥበት ከፊሉ በኮንጎ ተፋሰስ ደንና በሱድ ረግረግ በኩል «የተተነፈሰ» ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉም አልተስማማም። ዳመናው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ስላልዘነበ ነው የከበደው የሚሉ አሉ። ሰይፉ ከበደና ፈረንሳዊው ኢቭ ትራቪ በ2012 ይህንኑ የኢትዮጵያ ዝናብ ጉዳይ በሰፊው ተመልክተውታል። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ እኔም የጨጓራ ሐኪም ሆኜ ዳኛ አልሆንም።

ታዲያ ይኼ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ የወገል ጤና ልጅ ነኝ። ዛሬ ወገል ጤና ሲባል ሰው የሚያስታውሰው ኦፓሉን ነው፤ እኛ ቤት ግን የሚነገረው ስለ በልግ ነበር። የደላንታ ደጋ ገብስ በበልግ ይዘራል። አያቴ በየካቲት ውርጩን ተቋቁማ ደጅ ትቆምና ወደ ምሥራቅ ታያለች፤ ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ፊቷን ወደ ምዕራብ ታዞራለች። ትክክል ነበረች። የበልጉ እርጥበት በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ ወገን ነው፤ የአዲስ አበባው መዝገብም የበልግ ዝናብ ከክረምቱ ይልቅ ከባዱን ኦክስጅን እንደሚያበዛ ያሳያል። ሁለት ዝናብ፣ ሁለት መንገድ። በ1976 ዓ.ም. ሁለቱም ከዱን። በ1977 የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ ከሁሉ በላይ የጎተራውን ባዶ ድምፅ። እናቴ እጇን ከትታ ስትጠርገው ያስተጋባ ነበር።

ሐኪም ሆኜ የተጎዳ ሕፃን ክንድ በለካሁ ቁጥር ታሪኩን የምጠይቀው ከቤቱ ጀምሬ ነው፦ ስንት ልጅ አላችሁ፣ መቼ ጡት ጣለ፣ እህል አላችሁ? የዳመናውን ታሪክ ጠይቄ አላውቅም። «ደን ዝናብ ያመጣል» የሚለውን ንግግር ደግሞ የትምህርት ቤት መዝሙር አድርጌ ንቄው ኖሬያለሁ። አሁን ትንሽ አፍሬያለሁ። የይምርሐነ ክርስቶስ ጽዶች ብቻቸውን የላስታን ሰማይ አያዝዙም፤ ነገር ግን ሌቪን ልክ ከሆነች፣ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ማዶ የሚቆረጥ የኮንጎ ዛፍ ነገር ደላንታ ያለውን ገበሬ ያገባዋል።

ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ ክፍል አይሶቶፑን በሌዘር የሚለካ መሣሪያ አለው። ጓደኛዬ ከወገል ጤና የበልግ ውሃ አምጪልኝ አለኝ፤ ጠርሙሱ እስከ አፉ ይሞላ፣ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ትንሽ ከተነነ ውጤቱ ይበላሻል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩ። ጣሪያ ላይ የወረደውን ሳይሆን ሜዳ ላይ በንጹሕ ዕቃ የተጠለቀውን፣ ዝናቡ እንዳባራ ወዲያው ጠርሙስ ውስጥ፣ ቀኑን ጽፈህ፣ እያልኩ ስዘረዝርለት ዝም ብሎ ቆየና፦

«እትዬ፣ አዲስ አበባ ውሃ ጠፋ እንዴ?» አለኝ።

ጠርሙሱ በመጋቢት በአውቶቡስ ደረሰ። ወንድሜ ቀኑን ብቻ ሳይሆን «ከምሥራቅ የመጣ» ብሎም ጽፎበታል።