ስለ ዐለትና ስለ ዐፅም ዕድሜ፥ ምስክሮቹም እንዴት እንደ ተመረመሩ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ቍጥር 15 የተጻፈው ሥርዐት፥ አንድ ምስክር ብቻውን ቢቆም ፍርድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ሕጉ የተሠራው ለዳኞች ነው። ነገር ግን አፍ የሌለው ድንጋይ ዕድሜውን በተጠየቀ ጊዜ፥ የተፈጥሮ ተመራማሪዎችም ከብዙ ክርክር በኋላ ወደዚሁ ሥርዐት ተመልሰዋል። ታሪኩ የኾነው በቱርካና ሐይቅ ዳርና በኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ ነው።

አስቀድሞ ግን አንባቢ ይህን ይለይ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ብሎ ዓመተ ዓለምን መቍጠር የባሕረ ሐሳብ ሥራ ነው፤ ምንጩም መጽሐፍ ነው። የዐለትን ዕድሜ መመርመር ግን ሌላ ሙያ ነው፤ ምንጩም ዐለቱ ራሱ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ስለ ኹለተኛው ነው፤ ዓመታቱም በፈረንጅ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1669 የዴንማርኩ ሰው ኒኮላስ ስቴኖ፥ ኋላ በሮም ቤተ ክርስቲያን ኤጲስ ቆጶስነት የተሾመው፥ ውሃ የሚያነጥፈው ደለል አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚደረብ፥ መሬቱ ካልተገለበጠ በቀር የታችኛው ንጣፍ ከላይኛው የቀደመ መኾኑን ጻፈ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የኋላው ዕውቀት ኹሉ ግን የተሠራው በዚህ መሠረት ላይ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝም የጀልባ መሄጃ ቦይ በሚቈፈርበት ሥራ ላይ ሳለ፥ በየንጣፉ የተቀበረው ዛጎል ዐይነቱ ልዩ ልዩ መኾኑን፥ ያው ዐይነትም በሌላ ስፍራ በዚያው ተራ እንደሚገኝ አስተዋለ፤ በ1815ም የአገሩን የዐለት ካርታ አሳተመ። በዚህ መንገድ ታላቅና ታናሽ ይለያል፤ ዓመቱ ግን በቍጥር አይታወቅም። ከወንድማማቾች ማን ቀድሞ እንደ ተወለደ ማወቅ፥ ዕድሜያቸውን ማወቅ አይደለምና።

ቍጥሩ የተገኘው ከ1896 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ፈረንሳዊው አንሪ ቤክሬል ዩራኒየም ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ አገኘ፤ ከዚያም አንዳንድ ንጥረ ነገር በተወሰነ ጊዜ ወደ ሌላ እንደሚለወጥ ታወቀ። ከፖታሲየም ወገን 40 ተብሎ የሚቈጠረው በ1,250 ሚሊዮን ዓመት እኩሌታው ይለወጣል፤ ከተለወጠውም ከመቶው 11 ያህሉ አርጎን የሚባል አየር ይኾናል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የቀለጠው ዐለት ክዳኑ እንደ ተነሣ ድስት ነውና፥ አርጎኑ እንደ እንፋሎት ይወጣል። በበረደ ጊዜ ግን ክዳኑ ይገጠማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወለደው አርጎን በውስጡ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ፖታሲየሙንና አርጎኑን የመዘነ ሰው፥ ክዳኑ ከተገጠመ ስንት ዘመን እንደ ኾነ ማስላት ይችላል።

ለብራና የሚመሰክረው ካርቦን ሌላ ነው። እርሱ በ5,730 ዓመት እኩሌታው ስለሚያልቅ ከ50,000 ዓመት ብዙም አልፎ አይመሰክርም። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው ወንጌል ብራናው በካርቦን ተመርምሮ፥ ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ካለው ዘመን መኾኑ ታውቋል፤ ቀድሞ ግን የውጭ ሊቃውንት ከ1000 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፈ ነው ይሉ ነበር። ወደ ድንጋይነት በተለወጠ ዐፅም ውስጥ ግን ይህ ካርቦን ፈጽሞ አልቋል። ስለዚህ የሚጠየቀው ዐፅሙ ሳይኾን፥ ከበላዩና ከበታቹ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው።

በ1969 ኬይ ቤረንስማየር የምትባል ተመራማሪ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ፥ በኬንያ ምድር በኮቢ ፎራ፥ ሰው የጠረባቸው ድንጋዮች በዐመድ ንጣፍ ውስጥ አገኘች። ዐመዱ ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በፊችና በሚለር እጅ በተመረመረ ጊዜ፥ የመጀመሪያው መልስ 220 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ኾነ! ጐርፍ ዐመዱን ሲያመጣ ከጥንት ዐለት የተፈነቀለ ጠጠር ቀላቅሎበት ነበርና። ንጹሑን ጠጠር ለይተው በድጋሚ ሲመረምሩ 2.61 ሚሊዮን ዓመት አገኙ፤ ይህም በ1970 ታተመ።

በ1972 የሪቻርድ ሊኪ ባልደረባ የነበረው በርናርድ ንጌኔዮ፥ ከዚሁ ዐመድ በታች ካለ ንጣፍ ላይ የራስ ቅል ስብርባሪ አገኘ። ቍጥሩ 1470 ተባለ። አንጐሉ 750 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያህል የሚይዝ ትልቅ ነበረ። ዐመዱ የ2.6 ሚሊዮን ዓመት ከኾነ፥ ከበታቹ ያለው ቅል ከዚያም ይበልጣል ማለት ነው፤ እንግዲያስ ስለ ሰው ዘር ጥንት የተጻፈው ኹሉ ሊለወጥ ነበር። ያን ያህል ሸክም የተሸከመው አንድ ምስክር ብቻ ነበረ።

በኦሪት ርኩስ የተባለው እሪያ ለሌላው ወገን ምስክር ኾኖ የቀረበው በዚህ ጊዜ ነው። ከሐይቁ በስተ ሰሜን፥ በታችኛው ኦሞ፥ ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ደለል ከዐመድ ጋራ እየተፈራረቀ ተነጥፏል፤ ከ1967 ጀምሮ የአሜሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ንጣፉን በየተራው መርምረው ዕድሜውን በአርጎን ቈጥረው ነበር። በዚያ የተገኙት የጥንት እሪያዎች የኋለኛ መንጋጋቸው ዘመን በገፋ ቍጥር እየረዘመ ሄዷል። ባዚል ኩክ የኮቢ ፎራውን የእሪያ ጥርስ ከኦሞው ጋራ ቢያስተያይ፥ ከዐመዱ በታች የተገኘው ጥርስ በኦሞ የ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከኾነው ጋራ ተመሳሰለ። ስለዚህ ወይ እሪያው ዋሽቷል፥ ወይ ዐመዱ ዋሽቷል።

በ1975 በበርክሌይ ጋርኒስ ከርቲስ ከባልደረቦቹ ጋራ ዐመዱን መርምሮ 1.60 እና 1.82 ሚሊዮን ዓመት አገኘ። የእንግሊዝ አገሮቹ ግን በ1976 ቍጥራቸውን ዝቅ አድርገው 2.42 አሉ። ነገሩን ያከበደውም ይህ ነው፤ በዚያው ዓመት ሌላ ዐይነት ምርመራ፥ ይኸውም ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ዚርኮን በሚባለው ጠጠር ውስጥ የሚተወው ጭረት ተቈጥሮ 2.44 ሚሊዮን ዓመት ተባለ። እነሆ ኹለት ምስክሮች ተስማሙ! ነገር ግን መጽሐፈ ሶስናን ያነበበ ሰው፥ የኹለት ምስክሮች መስማማት ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃል። ዳንኤል ሽማግሎቹን ያጋለጠው ለየብቻ አቁሞ በጠየቃቸው ጊዜ ነውና።

እንዲሁም ተደረገ። በ1977 ጆን ሃሪስና ቲም ዋይት የእሪያዎቹን ዘር እንደ ገና መርምረው የኩክን ምስክርነት አጸኑ፤ ሃሪስ ከሊኪ ወገን ሳለ ይህን መጻፉ የሚመሰገን ነው። በ1979 ቱሪ ሰርሊንግና ፍራንክ ብራውን ከባልደረቦቻቸው ጋራ፥ ዐመዱ የተሠራበትን ንጥረ ነገር መዝነው፥ የኮቢ ፎራው ዐመድና በኦሞ ካሉት ዐመዶች አንዱ ከአንድ ፍንዳታ የወጡ እንደ ኾኑ አመለከቱ። በ1980 አስቀድሞ ጭረቱን ከቈጠሩት አንዱ የኾነው አንድሪው ግሊዶው እንደ ገና ቈጥሮ 1.87 አገኘ፤ በካንቤራ ኢያን ማክዱጋልም በአርጎን 1.89፥ በ1985 ደግሞ 1.88 ሚሊዮን ዓመት አለ። ጥርሱ፥ ጭረቱና አርጎኑ ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ቃል ተናገሩ። ቅሉም የ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መኾኑ ታወቀ፤ ክርክሩም ዐሥር ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ተዘጋ።

ማክዱጋልና ብራውን ግን ኦሞን አልተዉም። በ1967 በኪቢሽ የተገኘውን፥ እንደ ዛሬ ሰው የኾነውን ዐፅም፥ ከጆን ፍሊግል ጋራ ኾነው በ2005 የ195,000 ዓመት ነው አሉ። በ2022 ሴሊን ቪዳልና ባልደረቦችዋ ከዐፅሙ በላይ የተነጠፈውን ዐመድ፥ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኘው ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋራ አስተያይተው 233,000 ዓመት አገኙ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 22,000 ዓመት ሊዛነፍ ይችላል። ዐመዱ ከዐፅሙ በላይ ስለ ኾነ፥ ቍጥሩ ዐፅሙ ከዚያ እንደማያንስ ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን የሚመሰክረው ከዐፅሙ በታች ያለው ንጣፍ ነው።