ተደራቢ ስብራት፦ የተራራ ግርጌ ለምን ይናወጣል?

ተደራቢ ስብራት ማለት ዓለት ከተሰበረ በኋላ አንዱ ወገን ተገፍቶ በሌላው ላይ የሚወጣበት፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ ያዘነበለ ስብራት ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች «ትረስት ፎልት» ይሉታል። «ስንጥቅ» ያላልነው ዓለቱ ተሰንጥቆ ብቻ ስላልቀረ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ከቦታቸው ተንሸራትተዋል። በስምጥ ሸለቋችን የሚበዛው ስብራት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የመሬት ቅርፊት ወደ ሁለት ወገን ሲሳብ አንዱ የዓለት ክፍል ወደ ታች ይወርዳል።

ተደራቢ ስብራት ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ሂማላያ ነው። ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሕንድ ቅርፊት ከእስያ ጋር ተጋጨ፤ ዛሬም ወደ ሰሜን መግፋቱን አላቆመም። ግፊቱ ዓለቱን እየላጠ፣ ዶዘር ከፊቱ አፈር እንደሚቆልል፣ ደራርቦ ተራራ አደረገው። አዲሱ ድርብ የሚጨመረው በግርጌው በኩል ነው። ስለዚህ ከተራሮቹ ሥር ወደ ሰሜን የሚጠልቀው ዋናው ስብራት፣ በደቡብ ከጋንጅስ ሜዳ ዳር ካሉት ኮረብቶች እግር ሥር ወደ ገጽ ይወጣል።

ሕንድ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሂማላያ ሥር ትገባለች። ጥልቁ የስብራቱ ክፍል በሙቀት ስለላላ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ወደ ግርጌው የቀረበው ቀዝቃዛ ክፍል ግን ተቆላልፎ ይቆያል። በመቶ ዓመት 2 ሜትር የሚደርስ መንሸራተት ሳይፈጸም ይጠራቀማል፤ የተቆላለፈው ሲለቅ በሰከንዶች ውስጥ ይፈጸማል።

ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ኔፓል ላይ የሆነው ይኸው ነው። መጠኑ 7.8 የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ 9,000 ሰዎች ገደለ፤ የካትማንዱን አካባቢ 1 ሜትር ገደማ ከፍ አደረገው። መንሸራተቱ ግን እስከ ግርጌው አልዘለቀም። በ1926 ዓ.ም. የደረሰው ታላቅ መንቀጥቀጥ ግን በምሥራቅ ኔፓል ግርጌ የመሬቱን ገጽ ሰብሮ ወጥቶ ነበር። የ2007ቱ መንሸራተት ከግርጌው በፊት ስለቆመ ከካትማንዱ በስተደቡብ ያለው ክፍል ውጥረቱን አላራገፈም።

በእንዲህ ያለ ግርጌ የጸጥታው ዘመን በረዘመ ቁጥር ውጥረቱ ይጨምራል። አያቶቻችን ሲናወጥ አላዩም ብሎ መዘናጋት አይገባም። ቅርፊቱ መግፋቱን የሚያስቆም ኃይል የለንም፤ ቤትና ትምህርት ቤት በሰው ላይ እንዳይፈርስ አድርጎ መሥራት ግን በእጃችን ነው።