«ለየ»፦ በ2012 ዓ.ም. የሰማናቸው ቃላት ከየት መጡ?

ሰው ሲሞትብን «በሞት ተለየን» እንላለን። ብዙ ጊዜ «ሞት» የሚለውን ትተን «ተለየን» ብቻ ስንል ሰሚው ይገባዋል፤ ራሱን ነቅንቆ «ነፍስ ይማር» ይላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በየሬዲዮኑና በየጤና ጣቢያው በር ላይ «ለይቶ ማቆያ» የሚል ስም ሲመጣ፣ ከዚሁ ከ«ለየ» የተወለደ ስም ነበር። ያን ጊዜ ሰው የፈራው የኮሮናን በሽታ ብቻ ነው ብለን ካለፍነው እንሳሳታለን፤ ቃሉንም ፈርቷል።

ነገሩ በፍጥነት መጣ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተገኘ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። መጋቢት 30 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለችው ለጉራጌዋ ከተማ ለወልቂጤ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ከመርካቶና ከሌላውም ሰፈር ልጆቿ የሚመላለሱባት ከተማ ናትና፣ አዲስ አበባ ላይ የተባለው በዚያው ቀን መናኸሪያዋ ይደርሳል።

ከአዋጁ በፊት የበሽታው ስም ራሱ ደርሶ ነበር፤ «ወረርሽኝ»። ሥሩ «ወረረ» ነው፤ «ወራሪ» እና «ወረራ» ከሚሉት ጋር አንድ ቤት ነው። ቀደም ያለው ስም «ተስቦ» የዋህ ይመስላል፤ «ተሳበ» ከሚለው ወጥቶ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጎተተ የሚሄደውን ሕመም ይናገራል። በ1911 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ሲገባ ደግሞ ሰው የወሩን ስም ሰጥቶ «የኅዳር በሽታ» አለው። ኅዳር 12 ቀን በየከተማው ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ትዝታውን ይዞ ቆይቷል። «ታጠነ» እና «ዕጣን» አንድ ሥር ናቸው፤ ጢስ አየሩንም ቤቱንም ያነጻል የሚል እምነት በቃሉ ውስጥ አለ። በ2012 ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ከገበያ የተሻሙትና ዋጋቸው የናረው በዚሁ በቆየ ስሜት ነው፦ በሽታ በጠረንና በጢስ ይባረራል።

«ወረርሽኝ» ግን የጦር ቃል ነው። ወራሪ ሲመጣ የዚህ አገር ሰው የሚያውቀው መልስ አንድ ነው፤ «ክተት» ይባላል፣ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ይቆማል። በ2012 ግን ወራሪ መጣ ተብሎ ወዲያው «ተበታተኑ» ተባለ። ስሙ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ትእዛዙ ወደ ሌላ አቅጣጫ ጎተተን። በየሰፈሩ የታየውን ግራ መጋባት ድንቁርና ያሉት ሰዎች ይህን አላዩም።

«አዋጅ» የሚለው ቃል ታሪኩ ደስ ይላል። በግእዝ «ዐዋዲ» ማለት እየዞረ የሚያውጅ ሰው ነው፤ መዞርን ከሚናገረው ሥር «ዑደት» እና «ዐውድ»ም ወጥተዋል። «ወላዲ» በአማርኛ «ወላጅ» እንደሆነ ሁሉ «ዐዋዲ»ም መጨረሻው «ጅ» ሆነ። መጀመሪያ አዋጅ ማለት ወረቀቱ ወይም ሕጉ ሳይሆን የሚዞረው ሰው ነበር። ከእርሱ ጋር የሚሄደው ነጋሪት «ነገረ» ከሚለው ተወልዶ ዛሬ ሕግ የሚታተምበት የጋዜጣ ስም ሆኗል። ሰው ዞሮ፣ ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን እያየ የሚናገረው ነገር ነበር አዋጅ። በ2012 የዞረው ድምፅ ሌላ ነበር፤ ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል የተቀዳ መልእክት ሰማን። ያ ድምፅ እስከ ገጠሩ ደርሷል። ጥያቄ ግን አይቀበልም። የሰው ልጅ አዋጅ ነጋሪን «ታዲያ ለልጆቼ ምን ላብላ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ የተቀዳ ድምፅን አይችልም።

አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን፣ እጅ ለእጅ መጨባበጥን ከለከለ፤ በሕዝብ ቦታ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ፤ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ተደረገ። ጥሶ የተገኘ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት ይጠብቀው ነበር። እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ነገር ይነግረናል። በሽታው «ተላላፊ» ነው፤ ሕግ ጣሹም «ተላላፊ» ይባላል። «ዐለፈ» ከሚለው ሥር የወጣ አንድ ቃል ሁለቱን ይሸከማል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው «ተላለፈ»፤ ሰውየው ደግሞ አዋጁን «ተላለፈ»። ቃሉ ሲጋራ ስሜቱም ተጋራ፤ ያሳለው ሰው እንደ ጥፋተኛ፣ የታመመው እንደ ወንጀለኛ መታየት ጀመረ። ሕመሙን የደበቀ ሰው ነበረ ቢባል የሚያስደንቅ አይደለም፤ ጥፋተኛ መባልን የሚፈልግ የለም።

ከሁሉ የከበደው ግን «ማኅበራዊ ርቀት» ነበር። «ራቀ» የግእዙ «ርሕቀ» ነው፤ መካከል ያለው «ሐ» በአማርኛ ጠፍቶ «ራ» ብቻ ቀረ። «ማኅበር» ደግሞ «ኀበረ» ከሚለው፣ አንድ ከመሆን ይመጣል፤ «ኅብረት» ወንድሙ ነው። ሁለቱን ስናጋጥም «የአንድነት መራራቅ» የሚል ራሱን የሚቃረን ነገር እናገኛለን። ዕቁብና ዕድር፣ የሰንበቴና የመውሊድ ማኅበር ላለው ሕዝብ ይህ ቃል «ማኅበራችሁን ተዉ» ብሎ ተሰማው። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትም ቃሉን ቀይሯል፤ እኛም «አካላዊ ርቀት» ማለት ጀመርን። ትክክል ነበር፤ አካል ይራቅ፣ ልብ አይራቅ ማለት ነውና። የመጀመሪያው ቃል ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር።

በአማርኛ የ«ራቀ» እውነተኛ ተቃራኒ «ቀረበ» ብቻ አይደለም፤ «ደረሰ»ም ነው። ልቅሶ «እንደርሳለን»። የተቸገረን ሰው «እንደርስለታለን»። ችግር ሲመጣ የሚገኝ ሰው «ደራሽ» ይባላል። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው በዚህ አገር ከባድ ወቀሳ አለበት። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቀብር ላይ መገኘትን እንደ ዕዳ ያዩታል። በ2012 ለቀብር የሚወጣው ሰው ቁጥር ሲገደብ፣ ሰው የተነጠቀው ልማድ ብቻ አልነበረም። «ደራሽ» የመባልን ክብር ነበር።

የዕቁብ ነገርም እንዲሁ ነው። «ዐቀበ» በግእዝ ጠበቀ ማለት ነው፤ «ዐቃቤ ሕግ» የሕግ ጠባቂ እንደሆነ «ዕቁብ» የተጠበቀ፣ የተቀመጠ ማለት ነው። የንግድ ሰው ገንዘቡን የሚጠብቅበት፣ እርስ በርሱም የሚተማመንበት ሥርዓት ነው። ሰው ከአራት በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ «ራሳችሁን ጠብቁ» የሚለው ምክር መጠበቂያውን ራሱን አገደው።

«ቤታችሁ ቆዩ» የሚለውንም እንመርምር። «ቤት» በግእዝ፣ በዓረብኛና በዕብራይስጥ የሚታወቅ ጥንታዊ ቃል ነው። አማርኛ ከግድግዳው አልፎ «ቤተሰብ» አለበት፤ የሰው ቤት ማለት ነው። በጉራጌ ምድር ደግሞ ቤት ከዚህም ይሰፋል፤ «ሰባት ቤት» ሲባል ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ ጉመር እየተባለ የሚቆጠር ሕዝብና አገር ነው። እንዲህ ላለ ሰው ቤቱ አራት ግድግዳ አይደለም፤ አካባቢውና ዘመዱ ነው። ደግሞም «ቤት ዋለ» ስንል ሥራ አጣ ማለታችን ነው። «ለፍቶ አዳሪ» የሚለውን ስም ተመልከቱ። «አደረ» የግእዙ «ኀደረ» ነው፤ መኖር ማለት ነበር፤ «ማኅደር» ከዚያ ይመጣል። አማርኛ ወደ ሌሊት አጠበበው። ለፍቶ አዳሪ ማለት ቀን ለፍቶ ሌሊቱን የሚያልፍ፣ ኑሮው በዕለቱ የሚለካ ሰው ነው። መናኸሪያ ውስጥ ዕቃ ለሚሸከም ወይም ሎሚ በቁጥር ለምትሸጥ ሰው «ቤት ቆይ» የሚለው ቃል «አትደር» የሚል ሆኖ ይሰማል። መንግሥት በመላ አገሪቱ ሰውን ሙሉ በሙሉ ቤት የሚዘጋ ትእዛዝ ያላወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ትክክለኛ ውሳኔም ነበር።

ታዲያ ተለይቶ መቀመጥ ለዚህ ሕዝብ ፈጽሞ እንግዳ ነበር? አልነበረም። ዓለም «ኳራንቲን» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ ነው፤ አርባ ቀን ማለት ነው፤ የቬኒስ ሰዎች ከወረርሽኝ አገር የመጣን መርከብ ከወደብ ርቆ የሚያስቆዩበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት በ1377 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የራጉዛ ከተማ ሠላሳ ቀን ወስና ነበር። አርባ ለእኛም ባዕድ ቁጥር አይደለም፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ ሙት በአርባ ይታሰባል። አራስ እናት ከቤት አትወጣም፤ ማንም ግን ተለየች አይላትም። ገንፎ ይዞ ይጠይቃታል። ምእመን «ሱባኤ ገባ» ይባላል፤ ቃሉ ሰባትን ከሚናገር ሥር የወጣ ነው። ሙስሊሙ በረመዳን «ኢዕቲካፍ» ይገባል፤ ሙሽሮች ጫጉላ ይቆያሉ። አማርኛ ለሕክምናም ቃል ነበረው፤ «ውሸባ»። ከባድ መድኃኒት የወሰደ በሽተኛ ከሰው ዓይን ተከልሎ የሚቆይበት ነው። በ2012 ጋዜጦቻችን ይህን ቃል ከቆየበት አውጥተው «ለይቶ ማቆያ» ከሚለው ጎን ተጠቅመውበታል፤ በጎ ሥራ ነበር።

እነዚህን ስሞች ከአንድ ግሥ ጋር ነው የምናስራቸው፤ «ገባ»። ሱባኤ ገባ፣ ኢዕቲካፍ ገባ፣ ውሸባ ገባ። ሰውየው ራሱ ይገባል፣ ራሱም ይወጣል፤ ሲወጣ ይከበራል። «ተለየ» ግን ሌላው የሚያደርግብን ነው። «ማቆያ»ም ሁለት ፊት አለው፤ የሕፃናት ማቆያ አለ፣ የተጠርጣሪ ማቆያም አለ። የፈራ ሰው የትኛውን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። ሰው ሱባኤ እንደሚገባ በክብር እንዲገባ ብንጋብዘው ኖሮ የ14ቱ ቀን ፍርሃት በአብዛኛው ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የጉራጌ አገር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ አለው፤ «ጀፎረ»። በመንደሩ መካከል የተዘረጋው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጎዳና ነው፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ይሰለፋሉ። ሠርጉም፣ ልቅሶውም፣ የልጆች ጨዋታውም እዚያ ነው። በቤትና በቤት መካከል ርቀት አለ፤ ርቀቱ ግን የጋራ ነው፤ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። «ሁለት ሜትር ተራራቁ» ከማለት «በመካከላችሁ ጀፎረ ይኑር» ቢባል፣ የወልቂጤ ዙሪያ ገበሬ ያለ አስተርጓሚ ይረዳው ነበር። ርቀት እዚያ አገር የመከባበር መልክ አለውና።

የአገራችንን ቃላት በመዝገብ የሰበሰቡም አሉ። የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው የጉራጌኛ ሥርወ ቃል መዝገብ ሦስት ጥራዝ ነው። የመዝገበ ቃላት ሊቃውንቱ ደስታ ተክለ ወልድና ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ለአማርኛና ለግእዝ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ቃል አላጣንም ማለት ነው። ያጣነው፣ በጭንቅ ቀን ከመናገራችን በፊት ወደ መዝገቡና ወደ ሽማግሌው ዞር የማለት ልማድ ነው። የጤና ቢሮዎች፣ ሬዲዮ ጣቢያዎችና የዞን መምሪያዎች የሚቀጥለውን መልእክት ሲጽፉ ከሐኪሙ ጎን ቋንቋ የሚያውቅ የአገር ሰው ያስቀምጡ፤ መልእክቱንም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ በሚነገረው ቋንቋ ያድርሱት።

ወደ መጀመሪያው ቃል ልመለስ። «ለየ» በአማርኛ መነጠል ብቻ አይደለም። «ክፉና ደጉን ለየ» ስንል አወቀ፣ አስተዋለ ማለታችን ነው። ያ ግሥ ሁለቱንም ይዟል። በ2012 ሰው እንዲለይ ነገርነው፤ እንዲለይ፣ ማለትም እንዲያስተውል፣ ግን በቂ ቃል አልሰጠነውም። ሌላ ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ከሁለተኛው እንጀምር።